የወሰዱትን መመለስ መሥዋዕት ይባላልን?

ታሪክ የሚያወራ ሰው ሁሉ፥ ባያስበውም እንኳ፥ ዳኛ ነው። ሁለት ወገኖችን በአንድ ታሪክ ውስጥ ሲያቆም የማንኛቸው ቃል በመጨረሻ እንዲሰማ፥ የማንኛቸውስ እንባ ወደ ዐይናችን እንዲቀርብ የሚመርጠው እርሱ ነውና። በችሎት የተቀመጠ ዳኛ ቢያዳላ ባለጉዳዩ ይግባኝ ይላል፤ ደራሲ ቢያዳላ ግን በታሪኩ ውስጥ የተበደለው ሰው ይግባኝ የሚልበት ሌላ ችሎት የለውም። ስለ እርሱ ሊናገርለት የሚችል አንባቢው ወይም ተመልካቹ ብቻ ነው። ስለዚህ ነገሩ የጨዋታ ቢመስልም፥ በአንድ የቴሌቪዥን ታሪክ ፍጻሜ የተሰጠውን ፍርድ መመርመር የሥራ ፈት ሥራ አይደለም።

ልንመረምረው ያሰብነው ታሪክ ዋንዳቪዥን ይባላል። ያዘጋጀው ማርቭል የተባለው የአሜሪካ ድርጅት ነው፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2021 ዓመት ከጃንዋሪ 15 ቀን እስከ ማርች 5 ቀን ድረስ በ9 ክፍል ተከፍሎ ዲዝኒ ፕላስ በተባለው የትርኢት ማሠራጫ ታየ። በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው። የታሪኩ ዋና ደራሲ ጃክ ሼፈር፥ አዘጋጁም ማት ሻክማን ናቸው። ዋንዳን ሆነው የተጫወቱት ኤሊዛቤት ኦልሰን፥ ቪዥንን ሆነው የተጫወቱት ፖል ቤታኒ ናቸው። ማርቭል ከሰው ኃይል በላይ ኃይል ያላቸውን ጀግኖች ታሪክ አስቀድሞ በሥዕል መጽሔት፥ ኋላም በሲኒማ እያወጣ በዓለም ሁሉ የታወቀ ድርጅት ነው። እንዲህ ያሉት ታሪኮች ብዙ ጊዜ የሚፈጸሙት ኃይለኛው ክፉ በኃይለኛው ደግ ሲሸነፍ ነው። ዋንዳቪዥን ግን ከዚህ የሚበልጥ ጥያቄ አንሥቶ ነበር፤ ይኸውም ኀዘን የሰበረው ሰው ከኀዘኑ የተነሣ ሌላውን ሰው ቢበድል ፍርዱ ምንድር ነው የሚል ነው። ስምንቱ ክፍሎች ጥያቄውን በመልካም አዘጋጁት፤ ዘጠነኛውና የመጨረሻው ክፍል ግን መልሱን አበላሸው።

ታሪኩን ያላየ አንባቢ ነገሩን እንዲረዳው በአጭሩ እንናገር። ዋንዳ ሶኮቪያ በምትባል በልብ ወለድ አገር የተወለደች ሴት ናት። የዐሥር ዓመት ልጅ ሳለች ቤታቸው በጦር መሣሪያ ተመትቶ አባትና እናቷ ሞቱ፤ እርሷና መንትያ ወንድሟ ከፍርስራሹ ውስጥ ተይዘው፥ ሳይፈነዳ የቀረውን ሁለተኛውን ጥይት እያዩ ሞታቸውን ሁለት ቀን ጠበቁ። ካደገችም በኋላ ወንድሟ በውጊያ ሞተባት። ከዚህም ሁሉ በኋላ የወደደችው ቪዥን፥ በሰው እጅ የተሠራ ነገር ግን የሚያስብና የሚወድ ፍጥረት፥ በዐይኗ ፊት ተገደለ። እንግዲህ ብቻዋን ቀርታ ሳለች ቪዥን አብረው የሚያረጁበትን ቤት ሊሠራ ወደ ገዛው መሬት ሄደች። መሬቱም ኒው ጀርሲ በሚባለው የአሜሪካ ክፍል፥ ዌስትቪው በምትባል ትንሽ ከተማ ነበረ። ከቤቱም መሠረቱ ብቻ እንጂ ሌላ አልነበረም። በዚያ ቆማ ስታለቅስ በውስጧ ያለው ተአምራዊ ኃይል ፈንድቶ ወጣ፤ ቤቱ ቆመ፥ ቪዥንም ሕያው ሆኖ ተገኘ፥ ኋላም ሁለት ወንዶች ልጆች ተወለዱላት። ከተማይቱ ግን እንደ ግንብ ባለ የአስማት አጥር ተከበበች።

በከተማይቱ ይኖሩ የነበሩት ሰዎችም ዋንዳ በልጅነቷ ከአባትና ከእናቷ ጋር ትመለከተው የነበረውን የአሜሪካ የቤተሰብ ቀልድ በሚመስል ትርኢት ውስጥ ተዋናዮች ሆኑ። የመጀመሪያዎቹ ክፍሎች እንደ ጥንቱ ቴሌቪዥን ያለ ቀለም፥ በጥቁርና በነጭ ብቻ የተሠሩ ናቸው፤ ከዚያ ወዲያ ታሪኩ ከዘመን ወደ ዘመን እየተሸጋገረ ይሄዳል። ተመልካች ሲያያቸው ይሥቃል። ነገር ግን ሣቁ እየቆየ ይመርራል፤ ፈገግ የሚሉት ጎረቤቶች በፈቃዳቸው ፈገግ የሚሉ አይደሉምና። ስማቸው የራሳቸው አይደለም፤ ቃላቸውም የራሳቸው አይደለም። የዚህ ታሪክ ብልኅነት ይህ ነበር፦ የአንዲት ሴት መጽናኛ የብዙ ሰዎች እስር ቤት እንደ ሆነ ቀስ በቀስ አሳየን።

በመጨረሻው ክፍል አጋታ የምትባለው ጠንቋይት፥ ለራሷ ክፉ ዓላማ ሲሆን፥ የሰዎቹን ልብ ለጥቂት ጊዜ ከአስማቱ ፈታችው። ሰዎቹም ዋንዳን በአደባባይ ከበቧት። እርሷ በሰላም እንደሚኖሩ ታስብ ነበር፤ እነርሱ ግን ኀዘንዋ በእነርሱ ላይ እንደ ተጫነ፥ እንዲተኙ በፈቀደችላቸውም ጊዜ የእርሷን ቅዠት እንደሚያልሙ ነገሯት። በትርኢቱ ዶቲ የተባለችው ሴት እውነተኛ ስሟ ሣራ መሆኑን ተናግራ ልጄን ከተዘጋችበት ክፍል አስወጪልኝ ብላ ለመነች፤ ልጅቱ ነጻ እንድትወጣ እንኳ አይደለም፥ ከእናቷ እቅፍ ለመድረስ ብቻ በትርኢቱ ውስጥ የዋንዳ ልጆች ጓደኛ እንድትሆን ነበር የለመነችው። ሌሎቹም የማትለቂን ከሆነ እንሙት ብለው ጮኹ። በዘጠኙ ክፍል ሁሉ ከዚህ የሚበልጥ እውነተኛ ጊዜ የለም። የተበደሉት ሰዎች በአንድነት በራሳቸው አፍ ተናገሩ።

ዋንዳ ምን አደረገች? መጀመሪያ ደንግጣ በጮኸች ጊዜ ኃይሏ የሰዎቹን ጉሮሮ ያዘ። ከዚያ ተጸጽታ አጥሩን ከፈተችና ውጡ አለቻቸው። ነገር ግን አጥሩ ሲከፈት ቪዥንና ልጆቿ መፍረስ ጀመሩ፤ ይህን ባየች ጊዜ መልሳ ዘጋችው። አንባቢ ሆይ፥ ይህን መዝጋት ልብ ብለህ ተመልከት፤ ጉዳዩ ሁሉ በዚህ ላይ የቆመ ነውና።

ስለ ዋንዳ የሚከራከሩ ሰዎች የከተማይቱን መታሰር አስባ እንዳላደረገችው፥ ከልቧ ስብራት በድንገት የፈለቀ መሆኑን ይናገራሉ። እኛም ይህን እንቀበላለን። በእንቅልፉ የተገላበጠ ሰው የጎረቤቱን ማሰሮ ቢሰብር ክፉ አይባልም፤ የሰበረውን መተካት ግን ይገባዋል። ዳሩ ግን ዋንዳ ለዘወትር እንደ ተኛች አልቀረችም። ከከተማይቱ ወደ ውጭ የተጣለች ሴት ነበረች፤ የጣለቻትም ዋንዳ ናት። ቪዥን ራሱ ስለ ሰዎቹ ሥቃይ ጠይቋት ነበር። በመጨረሻም ሰዎቹ ፊት ለፊት ቆመው ነገሯት። አጥሩ መጀመሪያ የቆመው በኀዘን ነው፤ ሁለተኛ የተዘጋው ግን በምርጫ ነው። የመጀመሪያው ሐዘኔታን ይጠይቃል፤ ሁለተኛው ፍርድን ይጠይቃል። ሐዘኔታና ፍርድ አይጣሉም፤ አንድ ሰው ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ሊቀበል ይችላል። ስሕተት የሚሆነው አንደኛው የሁለተኛውን ቦታ ሲይዝ ነው።

ከዚህ በኋላ ክፍሉ ወደ ጦርነት ይሮጣል። ዋንዳና አጋታ በሰማይ ላይ እሳት እየተወራወሩ ይዋጋሉ፤ ዋንዳ ታሸንፋለች። ድል ካደረገች በኋላ ከቪዥንና ከልጆቿ ተሰናብታ አጥሩን በፈቃዷ ታፈርሳለች፤ እነርሱም ይጠፋሉ። ስንብቱ ልብ የሚነካ ነው፤ ይህን የሚክድ ሰው የለም። ከዚያም በከተማይቱ መካከል ስትሄድ የተፈቱት ሰዎች በቁጣ ይመለከቷታል። በዚህ ጊዜ ሞኒካ የምትባለው የመንግሥት መልእክተኛ ቀርባ፥ ዋንዳ ለእነዚህ ሰዎች ስትል የሠዋችውን ነገር ሰዎቹ ከቶ እንደማያውቁት ነገረቻት። ዋንዳም ቢያውቁት እንኳ ስለ እርሷ ያላቸው አሳብ እንደማይለወጥ መለሰችላት፤ ላደረሰችው ሥቃይም ማዘኗን ለሞኒካ ነግራ በአየር በርራ ሄደች። ታሪኩም በዚህ ተዘጋ።

እንግዲህ ጥያቄያችን ይህ ነው፦ የወሰዱትን መመለስ መሥዋዕት ይባላልን? አንድ ባለጉልበት የአንዲት ባልቴት ቤት በኃይል ወሰደ እንበል። በቤቱ ዐሥር ዓመት ኖረ፤ በጓሮው ኮክና ጌሾ ተከለ፤ ልጆቹም በዚያ ተወለዱ። ኋላ ልቡ ተመለሰና ቤቱን ለባለቤቲቱ ለቀቀላት። ሲወጣ የተከለውን ዛፍ እየዞረ እያየ አለቀሰ። እንባው የውሸት ነው አንልም፤ ቤቱን ወዶት ነበርና። ነገር ግን ጎረቤቱ ቀርቦ፦ አይዞህ ወንድሜ፥ ይህች ባልቴት ለእርሷ ብለህ ምን ያህል እንደ ሠዋህ ከቶ አታውቅም ቢለው ምን እንላለን? ባልቴቲቱ ዐሥር ዓመት በሰው በረንዳ አድራለች። የእርሱ ኪሣራ የተቈጠረው ከእርሷ ገንዘብ ነው። ዕዳ መክፈል ለከፋዩ ቢከብደውም ስለ ከበደው ስጦታ አይሆንም። የዋንዳም ቤትና ኑሮ የቆመው በሣራ ልጅ የተዘጋ ክፍል ላይ ነበረ። ሥጋዋን ቈርሳ የሰጠች ቢመስላት እንኳ የሰጠችው የሰዎቹን ነበር።

ይህ ታሪክ ግን እውነተኛ መሥዋዕት ምን እንደሚመስል አያውቅም ማለት አይቻልም፤ በራሷ በዋንዳ ኑሮ ውስጥ ይገኛልና። በ2018 በወጣው አቬንጀርስ፦ ኢንፊኒቲ ዋር በተባለው ሲኒማ ታኖስ የሚባለው ጨካኝ የዓለሙን ፍጥረት እኩሌታ ሊያጠፋ በቪዥን ግንባር ያለውን ዕንቍ ፈለገ። ዕንቍው እንዲጠፋ ቪዥን መሞት ነበረበት፤ ይህን ለማድረግ ኃይል ያላት ደግሞ ዋንዳ ብቻ ነበረች። ቪዥን ራሱ ለመናት፤ እርሷም እያለቀሰች የምትወደውን በገዛ እጇ ገደለችው። ታኖስ ጊዜን ወደ ኋላ መልሶ ቪዥንን አስነሥቶ ዕንቍውን ነቀለ፤ ስለዚህ ያ ሁሉ ሥቃይ ከንቱ ሆነ። በዚያ ጊዜ ዋንዳ የሰጠችው የራሷን ነበር፤ የሰጠችውም ለማታውቃቸው ሰዎች ነበር፤ ማንም አላመሰገናትም። ያን ጊዜ አንድ ሰው መጥቶ የሠዋሽውን አያውቁትም ቢላት እውነት በሆነ ነበር። በ2021 ግን ያው ቃል በማይገባው ቦታ ተነገረ። ቃል ከቦታው ሲወጣ ዋጋው ይጠፋል፤ መመለስን መሥዋዕት ያልን እንደ ሆነ እውነተኛውን መሥዋዕት የምንጠራበት ስም አይቀርልንም።

አንድ ሰው ግን እንዲህ ብሎ ሊከራከረን ይችላል፦ ሞኒካ ራሷ በዌስትቪው ውስጥ ታስራ፥ በዋንዳም ኃይል ተወርውራ ነበርና እርሷም ከተበደሉት አንዷ ናት፤ ስለዚህ ይቅር ብትል መብቷ ነው። መልካም ክርክር ነው። ደግሞም ሞኒካ እናቷን በሞት ያጣች ስለ ሆነች፥ እንዲህ ያለ ኃይል ቢሰጣት እርሷም እናቷን እንደምታስነሣ ለዋንዳ ነግራታለች። በዚህ ቃል ውስጥ ደግነት አለ፤ ኀዘንተኛ ኀዘንተኛን ያውቀዋልና። ነገር ግን ሞኒካ ስለ ራሷ በደል ይቅር ብትል ኖሮ ማንም አይቃወማትም ነበር። እርሷ ግን ስለ ከተማው ሰዎች ተናገረች፤ ያልጠየቁትን ምስጋና እንደ ጎደለባቸው አድርጋ ተናገረች። ማንም ሰው በራሱ ላይ የተደረገውን በደል መተው ይችላል፤ በጎረቤቱ ላይ የተደረገውን ግን መተው አይችልም። የባልንጀራን ዕዳ ከባልንጀራ ሳይጠይቁ መሠረዝ ቸርነት አይደለም፥ በሰው ገንዘብ ለጋስ መሆን ነው እንጂ።

ሌላው ሰው ደግሞ የከተማው ሰዎች በቁጣ መመልከታቸው በግልጽ ታይቷል፤ ደራሲዎቹም በደሉን አልሸሸጉትም ይላል። እውነት ነው፤ ይህን ማሳየታቸው የሚመሰገን ነው። ነገር ግን አስተውሉ፦ ሰዎቹ ያዩአታል እንጂ አይናገሩም። በዚህ ክፍል አፋቸው የተከፈተው ጠንቋይቱ በከፈተችላቸው ጊዜ ብቻ ነበር፤ በነጻነታቸው ቀን ግን ዝም አሉ። ቁጣቸውም ስለ ራሳቸው እንድናስብ ሳይሆን ለዋንዳ ይበልጥ እንድናዝን የተቀመጠ ጥላ ሆነ። ሣራ ልጇን እንዴት እንዳገኘቻት፥ ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ ይወስዳት እንደ ሆነ አልተነገረንም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል፤ በዚህ ክፍል ግን የተወጋው ሰው እንዲያስታውስ እንኳ ጊዜ አልተሰጠውም።

ከዚህም የሚከፋ አንድ ነገር አለ። ዋንዳ አጋታን ካሸነፈች በኋላ የቀጣቻት በምን ነበር? አእምሮዋን ወስዳ፥ በትርኢቱ ውስጥ ትመስላት የነበረችውን ቀልደኛ ጎረቤት አድርጋ በከተማይቱ ተወቻት። በ2024 በወጣው አጋታን ዋና ባለታሪክ ባደረገው ተከታይ ታሪክ መጀመሪያም ሴቲቱ ገና በዚያው አስማት ታስራ ትገኛለች። አጋታ ክፉ ሴት ናት፤ ቅጣትም ይገባት ነበር። ዳሩ ግን በደሏ ሰውን በፈገግታ ውስጥ ማሰር የነበረ ሴት፥ በጸጸቷ ቀን ሌላዪቱን በፈገግታ ውስጥ አሰረች። ክፍሉም ይህን እንደ ድል አሳየን። ጸጸት የሚታወቀው በእንባ ብዛት ሳይሆን ያንኑ ሥራ ደግሞ ባለመሥራት ነው፤ በዚህ ሚዛን ብንመዝናት ዋንዳ ገና አልተጸጸተችም።

ደራሲዎቹ ጊዜ ስለ አጠራቸው ወይም ጥልቅ ነገር ማሳየት ስላልቻሉ ነው እንዳንል፥ በዚያው ክፍል ውስጥ ሌላ ምስክር አለ። ሁለት ቪዥኖች፥ አንደኛው በዋንዳ አስማት የቆመው፥ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ቪዥን አካል እንደ ገና የተሠራው ነጩ፥ በከተማይቱ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ውጊያቸውን አቁመው ይከራከራሉ። ያነሡትም ፕሉታርክ በቴሴዎስ ታሪክ ውስጥ የጻፈው የጥንት የግሪክ ጥያቄ ነው፤ የመርከቡ ሳንቃ ሁሉ እየበሰበሰ በአዲስ ቢተካ፥ መርከቡ ያው የቴሴዎስ መርከብ ነውን ወይስ ሌላ ነው የሚለው ነው። ሁለቱ በቃል ተረታትተው ያለ ደም ተለያዩ፤ ነጩም የጠፋ ትዝታው ተመልሶለት ሄደ። ይህን ጸጥ ያለ ክርክር የጻፈ ብዕር ዋንዳንና ሣራን በአንድ ወንበር አስቀምጦ ሊያነጋግር ይችል ነበር። ስለ መርከብ ሳንቃ የሚበቃ ጊዜ ተገኘ፤ ለአንዲት እናት ግን አልተገኘም።

የሚገባው ፍጻሜ ምን ነበር? ዋንዳ እንድትታሰር ወይም እንድትገደል አንልም። በሰዎቹ ፊት ቆማ ቃላቸውን እስከ መጨረሻ እንድትሰማ፥ አዝናለሁ የሚለውንም ቃል ለሞኒካ ብቻ ሳይሆን ለእነርሱ እንድትናገር፥ እነርሱም ይቅር ቢሉ ወይም ባይሉ መልሱን ለእነርሱ እንድትተው ነበር የምንሻው። ይህ ለመናገር ቀላል ነው፤ ለበደለኛ ግን ከሰማይ ጦርነት ይልቅ ይከብዳል። በሰማይ ሲዋጉ ኃይል ያግዛል፤ በበደሉት ሰው ፊት ሲቆሙ ግን ኃይል አይረዳም። ይህ ክፍል ከባዱን ሸሽቶ ቀላሉን መረጠ፤ ያሳዘነን ይህ ነው።

ያልተፈረደ ነገርም ተቀብሮ አይቀርም። በዚያው ክፍል መጨረሻ ዋንዳ በተራራ ቤት ተቀምጣ የአስማት መጽሐፍ ስትመረምር፥ የልጆቿንም ድምፅ ስትሰማ ታየች። በሜይ 2022 በወጣው ስለ ዶክተር ስትሬንጅ በሚናገረው ሁለተኛው ሲኒማ ደግሞ፥ ልጆቿ በሌላ ዓለም በሕይወት ስለሚገኙ ወደዚያ ለመድረስ የአንዲትን ልጅ ኃይል ለመንጠቅ አሳደደቻት፤ በመንገዷ የቆሙትንም ብዙዎች ገደለች። የሚወዷት ተመልካቾች እንዲህ ትሆናለች ብለን አላሰብንም አሉ። ነገር ግን አጥሩን ዳግመኛ የዘጋችበትን ሰዓት ያስተዋለ ሰው አይደነቅም። በዌስትቪው መሥዋዕት አቀረብሽ የተባለች ሴት፥ የወሰደችው የሰው ሕይወት መሆኑን ከማን ልትማር ነበር?

ይህ ሁሉ ስለ አንድ ልብ ወለድ ታሪክ የተነገረ ነው። ነገር ግን ታሪክ ለሚመለከተው ሰው ቃልን ያስተምራል፤ በቴሌቪዥን የለመደውንም ቃል በቤቱና በሸንጎው ይናገረዋል። ሹም ያለ አግባብ የያዘውን ሲለቅ፥ አባት ለዓመታት የከለከለውን ለልጁ ሲፈቅድ፥ ባለጸጋ ያስቀረውን ደመወዝ ሲከፍል ምስጋና እንዲጠብቅ የሚያደርገው ይኸው ቃል ነው። ለኀዘንተኛ እናልቅስለት፤ በኀዘኑም የሠራውን በደል እንለይለት። የመለሰውንም ሰው በመመለሱ አንናቀው፤ ግን መለሰ እንበል እንጂ ሠዋ አንበል። ምስጋናውን ይሰጠው ዘንድ ሥልጣን ያለው፥ በሩ የተከፈተለት ሰው ብቻ ነውና።